አሸንዳ ጽዳት፦ ክረምት ሳይገባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግንቦት ሲጋመስ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንዱ መሰላል ሲዋስ ይውላል። ሌላው «ገና ነው፣ ሰኔ ይግባ» ይላል። ሐምሌ ላይ ሳሎን ውስጥ ባልዲ ሲደረድር የሚያድረው ይሄ ሁለተኛው ነው። እኔም ለብዙ ዓመት ሁለተኛው ነበርኩ። አሁን መሰላል አበዳሪ ሆኛለሁ፤ ጎረቤትም ዘመድም ጥያቄ ሲኖረው ወደ እኔ ይደውላል። ጥያቄዎቹ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። መልሶቹ በዋናነት አዲስ አበባንና ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብባቸውን ከተሞች ያሰቡ ናቸው።

አሸንዳ የቱ ነው?

ከጣሪያው ጫፍ ሥር ተጋድሞ የዝናብ ውሃ የሚቀበለው ቦይ ነው። አብዛኛው ቤት ላይ ከላሜራ ታጥፎ የተሠራ ነው። ፒቪሲም አለ። ቪላና ጂ ፕላስ ዋን ቤቶች ላይ ደግሞ ከኮንክሪት አብሮ ይሞላል። ከአሸንዳው ወደ መሬት የሚወርደው ቱቦ ዳውን ፓይፕ ይባላል። «ጋተር» የሚለውም ሰው አለ፣ ያው ነው። አሸንዳ ሲባል ትዝ የሚላችሁ ነሐሴ ላይ ልጃገረዶች የሚጫወቱት በዓል ከሆነ እሱ ሌላ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከረጅሙ ሣር ነው። የእኛው አሸንዳ ዘፈን የለውም፣ ግን እሱም ነሐሴን አይወድም።

ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ታዲያ ለምን ያፈሳል?

ይሄን ጥያቄ የምመልሰው በራሴ ጉድ ነው።

አንድ ክረምት የመኝታ ቤቴ ኮርኒስ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቡናማ ክብ ወጣ። ሠራተኛ ጠራሁ። «ቆርቆሮው አርጅቷል» አለኝ። ደህና ገንዘብ አውጥቼ በዚያ በኩል ያለውን ክዳን በሙሉ አስቀየርኩ። ቀጣዩ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ክቡ ሰፋ። ሌላ ሠራተኛ መጣ፣ ሚስማሮቹን በሙሉ በሲሊከን ቀባ። ክቡ አሁንም ሰፋ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ቆርቆሮ ሠሪ መጡ። ጣሪያ ላይ አልወጡም። ዝናቡ እየጣለ ዣንጥላ ይዘው ግቢ ውስጥ ቆሙና ሽቅብ አዩ። «ጣሪያህ ደህና ነው ልጄ። ውሃው መሄጃ አጥቶ ነው» አሉኝ። በማግስቱ ከዳውን ፓይፑ አፍ ላይ የካልሲ ኳስ አወጡ። በጭቃና በቅጠል ተለስኖ የጠርሙስ ቡሽ መስሏል።

ኳሱን ለሰፈሩ ልጆች መለስኩ። ለአዲሱ ቆርቆሮ ያወጣሁት ግን አልተመለሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሸንዳው ሲደፈን ውሃው ይሞላል። የሞላ ውሃ ዝቅ ባለው በኩል ይወጣል። የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከኋላው ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ግቢ ይፈስሳል፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ኋላው ዝቅ ካለ ወይም አሸንዳው ከግንብ ጀርባ የተደበቀ ከሆነ ግን ውሃው በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ሾልኮ ግድግዳው አናት ላይ ይወጣል። ከዚያ ወደ ኮርኒስ ይወርዳል።

ለመለየት ሁለት ነገር እዩ። እድፉ ከግድግዳው ጥግ የሚጀምር ከሆነ አሸንዳውን ጠርጥሩ። ኮርኒሱ መሃል ላይ ከሆነ ሚስማር ወይም ቀዳዳ ይሆናል። ሁለተኛው፦ ካፊያ ሲሆን ምንም ሳይታይ ዶፍ ሲወርድ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአሸንዳው ነው። የተቀደደ ቆርቆሮ ካፊያም ቢሆን አይምርም።

አንድ ቦይ ብትደፈን ይሄን ያህል ነገር ያመጣል?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 10 በ12 ቢሆን 120 ካሬ ነው። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,600 ሊትር ይሆናል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 18 ጊዜ ይሞላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። ስለዚህ ያቺ መካከለኛ ጣሪያ በዓመት ከ120,000 ሊትር በላይ ታወርዳለች።

ይሄ ሁሉ ውሃ የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። ወይ እናንተ ወደመረጣችሁለት ቦታ ይሄዳል፣ ወይ ራሱ ይመርጣል።

መቼ ላጽዳ?

ዋናው ጊዜ ግንቦት ነው። የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ ሰኔ ሳይጠና። በባሕረ ሐሳብ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ ዝናቡ ግን ያን ቀን አይጠብቅም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሠራተኛ ፍለጋ ከወጣችሁም ሁሉም ሰው አብሯችሁ ነው የሚወጣው። ዋጋውም ቀጠሮውም ይሰቀላል።

ሁለተኛው ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሚደረግ አጭር ጉብኝት ነው። ከባድ በረዶ ከጣለም በኋላ እንዲሁ። በረዶ ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ እየመታ ያወርደዋል፣ ራሱም አሸንዳው ውስጥ ይከመራል። ብረት ይዛችሁ በረዶውን አትቀጥቅጡ፣ ላሜራው ይጎዳል። የተከማቸው በራሱ ጊዜ ይቀልጣል። እናንተ የቱቦው አፍ ክፍት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ሦስተኛው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ይተወዋል። እኔ ግን ለአሸንዳው ዕድሜ ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። ክረምቱን ሙሉ የከረመ እርጥብ ጭቃ እዚያው ከተተወ የላሜራውን የዚንክ ሽፋን ቀስ እያለ ይበላዋል። የላሜራ አሸንዳ ከወለሉ የሚበሳው በዚህ ነው።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን አባባል ለአሸንዳ አትጠቀሙበት። ነሐሴ 13 ካለፈ በኋላም አዲስ አበባ ላይ ዶፍ ሲወርድ አይተናል።

ቦረናና ጉጂ አካባቢ ላላችሁ ነገሩ ይለያል። ዋናው ዝናባችሁ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሆነ ጽዳቱ የካቲት ላይ ማለቅ አለበት።

ግቢዬ ውስጥ ዛፍ የለም። እኔንም ይመለከተኛል?

ዛፉ የጎረቤት ቢሆንም ቅጠሉ የናንተ ነው። ባህር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል፤ ቅጠሉ ቀጭን ማጭድ ስለሚመስል ቱቦው አፍ ላይ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ቅርፊቱ ደግሞ እንደ ገመድ ነው። ግራቪሊያ በበጋ ያለ ይሉኝታ ቅጠሉን ያረግፋል። የፈረንጅ ጥድ ደቃቅ ነው፣ ግን ከአቧራ ጋር ሲቦካ እንደ ምርጊት ይጠነክራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል፤ አሸንዳ ላይ ግን ችግሩ ራሱ ቅጠሉ ነው።

ዛፍ ጨርሶ በሌለበት ሰፈርም ብዙ ነገር ይገኛል። ፌስታል፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ከጎን ካለው ግንባታ የመጣ አሸዋና የሲሚንቶ ዱቄት፣ የርግብ ጎጆ፣ ቁራ ከየትም አንስቶ የጣለው አጥንት። በበጋ የሚወርደው አቧራ ብቻውን በሁለት ዓመት ሣር የሚያበቅል አፈር ይሠራል። አሸንዳው ላይ ስንዴ የበቀለበት ቤት አይቻለሁ። የርግቦቹ እህል ይሆናል።

መሰላል ሳልወጣ መደፈኑን ማወቅ እችላለሁ?

በደንብ ይቻላል። ዝናብ ሲጥል ዣንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውሃው በቱቦው ታች በኃይል እየወጣ ነው ወይስ እየተንጠባጠበ? ጣሪያው ላይ ዶፍ እየወረደ ከቱቦው ትንሽ ብቻ ከወጣ መሃል ላይ ተደፍኗል። ከአሸንዳው ጠርዝ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ካለ ያ ቦታ ሞልቷል።

በደረቅ ቀን ደግሞ ግድግዳውን እዩ። ከአሸንዳው ሥር ወደ ታች የወረደ ጥቁር ወይም አረንጓዴ መስመር፣ የተላጠ ቀለም፣ ወደ ታች የሰረጎደ አሸንዳ፣ ከላይ ብቅ ያለ ሣር። መሬቱ ላይም ተጽፏል፤ ጠፈጠፉ በአንድ መስመር የቦረቦረው ጉድጓድ ካለ ውሃው ከአሸንዳው ውጭ እየወረደ ነው።

ራሴ ባጸዳውስ?

ባለ አንድ ፎቅ ካልሆነ፣ ማለትም መሬት ላይ ያለ ቤት ከሆነና ሁለተኛ ሰው ካለ፣ አዎ። ቤቱ ጂ ፕላስ ከሆነ አይሆንም። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። ስለ መሰላል የማውቀውን ሳላሳጥር ልናገር።

መጀመሪያ ሽቦውን እዩ። ብዙ ቤት ላይ ከምሰሶ የመጣው የመብራት መስመር የሚታሰረው ጣሪያው ጫፍ ላይ ነው፤ አሸንዳው አጠገብ ማለት ነው። ሽፋኑ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። እዚያ አካባቢ የአሉሚኒየም ወይም የብረት መሰላል አታስጠጉ። ቆጣሪው ላይ ማጥፋት በቂ አይደለም። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ሽቦ እናንተ ብታጠፉም ኃይል አለው። አሸንዳው ከሽቦው ጋር ከተጠጋጋ ያን በኩል ለባለሙያ ተዉት።

መሰላሉ እግሩ ከግድግዳው ምን ያህል ይራቅ? የቁመቱን ሩብ ያህል። አራት ሜትር ላይ የሚደገፍ መሰላል እግሩ አንድ ሜትር ይወጣል። መሰላሉን አሸንዳው ላይ አታስደግፉ፤ ላሜራው ይጨማደዳል፣ መሰላሉም ይንሸራተታል። ግድግዳው ላይ ይደገፍ። አፈር ላይ ከሆነ ከእግሩ ሥር ጠንካራ ጣውላ ይነጠፍ። በሚስማር የተመታ የባህር ዛፍ መሰላል ከሆነ እያንዳንዱን እርከን ከመውጣታችሁ በፊት ፈትኑ። ባለፈው ዓመት የያዘ ዘንድሮ ላይይዝ ይችላል።

እጅ እንዲደርስ ብሎ ወደ ጎን መንጠራራት የብዙ አደጋ ምክንያት ነው። ወርዶ መሰላሉን ማዛወር ሁለት ደቂቃ ነው። የተሰበረ ወገብ ግን ስንት ወር ያስተኛል።

ጣሪያው ላይ የግድ መውጣት ካለባችሁ ቆርቆሮው ደረቅ ይሁን። ጤዛ ያለበት የጠዋት ቆርቆሮ እንደ ሳሙና ነው። ሚስማር የተደረደረበትን መስመር እየረገጣችሁ ሂዱ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። በመሃል ከረገጣችሁ ቆርቆሮውን ታጎብጡታላችሁ፣ ያኔ አሸንዳውን ጠግናችሁ ጣሪያውን አበላሻችሁ ማለት ነው።

ምን ምን ይዤ ልውጣ? እንዴትስ ይጸዳል?

ወፍራም ጓንት፣ ገመድ የታሰረበት ባልዲ፣ ብሩሽ፣ የውሃ ጎማ። መዛቂያው ላይ ገንዘብ አታውጡ። ባዶ የዘይት ጀሪካን በሰያፍ ቆርጣችሁ እጀታውን ይዛችሁ ዛቁበት። ፕላስቲኩ የአሸንዳውን ቅርጽ ይዞ ይጎብጣል፣ ዚንኩንም አይቧጭርም። አካፋ ወይም የግንበኛ ማንኪያ ይቧጭራል፤ የተቧጨረው ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ዝገት ይዞ ይጠብቃችኋል።

ጓንቱን አትዝለሉ። የላሜራ ጠርዝ ምላጭ ነው። የርግብ ኩስ ካለ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ደርቆ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ረጭታችሁ አርጥቡት፣ አቧራው እንዳይነሳ።

ሥራው የሚጀምረው ከቱቦው አፍ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ ቆሻሻውን ወደ ቱቦው ይጠርጋል። ይሄ ቱቦውን በገዛ እጅ መድፈን ነው። መጀመሪያ የቱቦውን አፍ አጽዱና በጨርቅ ወትፉት። ከዚያ ደረቁን ቆሻሻ በሙሉ ወደ ባልዲው ዛቁ። ሲያልቅ ጨርቁን አውጡና ከሩቁ ጫፍ ውሃ ልቀቁ። ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሱ፤ የረሳ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልናገርም፣ ይሄን እየጻፈ ነው።

ከአሸንዳው የወጣው ጥቁር አፈር ለጽጌረዳ ግሩም ነው። ፌስታሉን ብቻ ልቀሙለት።

ዳውን ፓይፑ ከተደፈነስ?

ብዙ ጊዜ የሚያዘው ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉት ክርን ላይ። ቱቦውን በዱላ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ባዶው ይጮኻል፣ የተደፈነው ድምፁ ይታፈናል። ከታች ወደ ላይ የሚተጣጠፍ ወፍራም ሽቦ ሰዳችሁ ፈልቅቁት። ከላይ መግፋት የባሰ ያጠብቀዋል። ከሥር ከተላቀቀ በኋላ ከላይ ውሃ ልቀቁበት። እምቢ ካለ ክርኑን ፈትቶ ማውጣት ይሻላል። ላሜራ ቱቦ ከሆነ በኃይል አትምቱት፣ ስፌቱ ይከፈታል።

ውሃውን ስትለቁ ከታች ማንም አይቁም። የሚወርደው ሽታ ለምሳ አይሆንም።

አጽድቼውም ይሞላል። ምን ይሆናል?

ሦስት ምክንያት ይኖራል።

አንደኛው ተዳፋት ነው። አሸንዳ ከታች ሲታይ ቀጥ ያለ ቢመስልም ወደ ቱቦው ማዘንበል አለበት፤ በ10 ሜትር ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል። መያዣ ብረቱ ሲላላ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ውሃም እዚያ ይተኛል። አንድ ባልዲ ውሃ ከጫፍ አፍስሱና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የት እንደቀረ እዩ። የቀረበት ቦታ ያለው መያዣ ይጠበቅ ወይም ይጨመር።

ሁለተኛው የቱቦ ቁጥር ነው። ቤት ሲሰፋ ጣሪያውም ይሰፋል፤ ኩሽና ተጨመረ፣ ሰርቪስ ቤት ተቀጠለ። ቱቦው ግን ያው አንዱ ነው። የሁለት ጣሪያ ውሃ በአንድ ጉሮሮ አይወርድም። ሁለት ክዳን የሚገናኝበት የመሃል አሸንዳ በተለይ ሰፊና ጥልቅ መሆን አለበት፤ እሱ ቢሞላ የሚፈስሰው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቤት ውስጥ ነው። ከቤታችሁ አንድ ቦታ ብቻ የማጽዳት አቅም ካላችሁ የመሃሉን አጽዱ።

ሦስተኛው ቀዳዳ ወይም የተከፈተ መጋጠሚያ ነው። ትንሹን ቀዳዳ ቦታው በደንብ ከደረቀና ከዝገት ከጸዳ በኋላ በሲሊከን መድፈን ይቻላል። እርጥብ ላይ የተቀባ ሲሊከን በሳምንቱ ይላጣል። ዝገት የጀመረው ቦታ በብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት የሚከላከል ቀለም፣ ይቀባ። ጣት የሚያሾልክ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ቁራጩን አስቀይሩ።

ወንፊት ባስገጥምበት ከማጽዳት እገላገላለሁ?

አትገላገሉም። ወንፊት ትልልቁን ቅጠል ይከለክላል፤ ኳስና ፌስታልንም። የኛ ዋና ጠላት ግን አቧራና ደቃቅ ቅጠል ነው። ያ ወንፊቱ ላይ ይነጠፍና ምንጣፍ ይሆናል፣ ውሃውም በላዩ ተንሸራቶ ወደ ግቢ ይወርዳል። ከዚያ ለማጽዳት መጀመሪያ ወንፊቱን መፍታት ሊኖርባችሁ ነው። እኔ የምመክረው አሸንዳውን በሙሉ መሸፈን ሳይሆን የቱቦው አፍ ላይ ከሽቦ የተሠራ እንደ ቅርጫት ያለ ነገር መትከል ነው። ርካሽ ነው። በአንድ እጅ ተነስቶ ተራግፎ ይመለሳል።

አሸንዳዬ የኮንክሪት ነው። እሱም ይጸዳል?

ይጸዳል፣ እንዲያውም ችላ ሲባል የሚያስከፍለው ብዙ ነው። አይዝግም፣ ግን ይሰነጠቃል፤ ውሃ እንዳያሳልፍ ላዩ ላይ የተቀባው ቢቱሚን ወይም የተነጠፈው ሜምብሬን በፀሐይ ይደርቃል። ውሃ ከተኛበት በስንጥቁ ገብቶ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። የዛገ ብረት ያብጣል፣ ኮንክሪቱንም ከሥር ይፈነቅለዋል። ከታች ሆናችሁ ልስኑ ሲረግፍ የምታዩት ይሄን ነው። በአካፋ አትፋቁት፣ ሜምብሬኑን ትቀዱታላችሁ። በተጨማሪ ግንቡ ላይ ከመደበኛው መውጫ ከፍ ብሎ የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ መኖሩን እዩ። ከሌለ አስበሱ። ዋናው ሲደፈን ውሃው በዚያ በኩል ወጥቶ እናንተን ያስጠነቅቃል፤ ካልሆነ የሚያስጠነቅቃችሁ ኮርኒሱ ነው።

ውሃው መሬት ከደረሰ በኋላ የኔ ሥራ አለቀ?

ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ የለም፣ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚጠይቀው። ቱቦው ከግድግዳው ሥር ውሃውን ደፍቶ ከቆመ፣ ከአራት በኩል የሚወርደውን አንድ ቦታ ሰብስባችሁ መሠረቱን አጠጣችሁት ማለት ነው።

ቤቱ ጭቃ ከሆነ መዘዙ ቶሎ ይመጣል። ብዙ የቆዩ የአዲስ አበባ ቤቶች ከውጭ በሲሚንቶ ተለስነው ግንብ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን እንጨትና ጭቃ ነው። ከታች የገባ እርጥበት በልስኑ ታፍኖ መውጫ ያጣል። ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥብ እንጨት ይወዳል። ልስኑ ሲያብጥና ሲንኳኳ «ቧ» የሚል ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ያለው ጭቃ ለቋል።

ቦሌ፣ ሲኤምሲና አቃቂ አካባቢ ደግሞ ጥቁር አፈር አለ። ይሄ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የቤቱ አንድ ጥግ ብቻ በቱቦ ውሃ ሲጠጣ ያ ጥግ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። በር አልዘጋ ሲል፣ ከመስኮት ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ሲነሳ ሰው ግንበኛውን ይረግማል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን ጥፋተኛው ቱቦው ነው።

ስለዚህ ውሃው ቢያንስ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከግድግዳው ይራቅ። በሲሚንቶ ቦይ ወይም በቱቦ ወደ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ይምራ። በቤቱ ዙሪያ ያለው ንጣፍ ወደ ውጭ ያዘንብል።

የዝናቡን ውሃ ከሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ጋር ባገናኘውስ?

አታድርጉት። የፍሳሽ መስመር የተሠራው ለዝናብ አይደለም። ዶፍ ሲመጣ መስመሩ ይሞላል፣ ማንሆሉ ክዳኑን ይገለብጣል፤ ግቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነም ተመልሶ በእናንተው መታጠቢያ ቤት ይወጣል። ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ ደግሞ የመምጠጫ መኪና በየወሩ ልትጠሩ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ማነው የሚያጸዳው?

ጣሪያውና አሸንዳው የጋራ ንብረት ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራውን ክፍል የማስተዳደርና የመጠገን ሥራ የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ነው። በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ምድር ቤት ያለው «እኔን አያፈስብኝም» ይላል። አራተኛ ፎቅ ያለው ብቻውን ይለምናል። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ለማኅበሩ ኮሚቴ በጽሑፍ አስገቡ፤ የኮርኒሱን ፎቶ አያይዙ። ምድር ቤት ላለው ደግሞ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው የእሱ ግድግዳ ሥር መሆኑን አሳዩት። ይሄኛው ከደብዳቤው የበለጠ ይሠራል።

ተከራይ ነኝ። ወጪው የማን ነው?

ውሉ ላይ የተጻፈውን እዩ። ካልተጻፈ ጠይቃችሁ አጽፉ። በኔ ግምት መጥረግ ላይ ብትተባበሩ፣ መጠገኑ ግን የአከራይ ቢሆን ፍትሐዊ ነው። እድፍ ባያችሁ ቀን በቴሌግራም ፎቶውን ላኩ። ቀኑ የተመዘገበበት ፎቶ በኋላ «ቤቱን አበላሽታችሁ» የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

አሸንዳውን ከሮቶ ጋር ባገናኝ ውሃው ይጠቅማል?

ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ግሩም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ክረምቱን በሙሉ ይታደጋችኋል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ግን አታስገቡ፤ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥበው ነው የሚወርዱት። ከዚያም በኋላ በየዝናቡ መጀመሪያ የሚወርደውን ወደ ውጭ የሚለቅ መቀየሪያ ቢኖር ጥሩ ነው። ሳይጣራና ሳይፈላ አይጠጣ። ሮቶው ሲሞላ ትርፉ የት እንደሚሄድም አስቡበት። ብዙ ሰው ይሄን ረስቶ ሮቶው ሥር ረግረግ ይሠራል።

ቆላ ከተማ ነው ያለሁት፤ ዝናቡ ትንሽ ነው። ልተወው?

ድሬዳዋና መሰል ከተሞች ላይ ሥጋቱ ውሃው መብዛቱ ሳይሆን መተኛቱ ነው። አሸንዳ ውስጥ የቆመ ውሃ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የዴንጊ ትኩሳት ገብቶባት ነበር፤ ያን የሚያስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በቤት አካባቢ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይራባል። ከዝናብ ከሳምንት በኋላም ውሃ የሚታይበት አሸንዳ ካለ ተዳፋቱ ይስተካከል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ቤት ገዝቻለሁ። እዚህስ?

እዚያ የጽዳቱ ቀን የሚወሰነው በዝናብ ሳይሆን በቅጠል ነው። ዛፉ ራግፎ ሲጨርስ፣ ኅዳር አጋማሽ ወይም ማለቂያው ላይ በኛ አቆጣጠር፤ ከዚያ ደግሞ በጸደይ አበባውና የሜፕሉ ፍሬ ከረገፈ በኋላ። የሚፈራው ለኮርኒሱ ሳይሆን ለቤዝመንቱ፣ ከመሬት በታች ላለው ክፍል፣ ነው። ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ብዙውን ጊዜ በቸልታ ቀስ በቀስ የመጣን ጉዳት አይሸፍንም፣ የጎርፍ ሽፋንም ለብቻው የሚገዛ ነው።

የጎረቤቴ ጠፈጠፍ ወደ ግቢዬ ይወርዳል። ምን ላድርግ?

በዝናብ ቀን አትሂዱ። በዝናብ ቀን ሁሉም ሰው ይቆጣል። ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜ ጠዋት ጠርታችሁ ቡና አጠጡትና ግድግዳችሁን አሳዩት። ብዙ ሰው ጣሪያው ወዲያ ማዶ ምን እንደሚሠራ አይቶት አያውቅም። አሸንዳ ከሌለው ወጪውን መካፈል ከግድግዳ ጥገና ይረክሳል። አሸንዳ ኖሮት ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ መሰላላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔና ጎረቤቴ አሁን በየግንቦቱ አንድ ሠራተኛ ለሁለት ቤት እንይዛለን፤ ጎረቤቴ መሰላሉን ይይዛል፣ እኔ የጨርቁን መውጣት እቆጣጠራለሁ።